የናፍጣ ናፍቆት

ጥያቄ፦ "የምኖረው ማንቸስተር አካባቢ ነው። ጎረቤታችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንግሊዛዊ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ደብተሮች መደርደሪያ ሞልተዋል። አሁን ደግሞ ቤሪ ከተማ ባለው የድሮ ባቡር መስመር ላይ ለሚደረግ የናፍጣ ባቡሮች በዓል እኔንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ጋብዘውናል። የእንፋሎት ባቡር ቢሆን ይገባኛል፤ ያምራል። ጭስ የሚተፋ ሣጥን ግን ምኑ ይናፍቃል? እዚያስ ስንሄድ ምን እንይ? ልጄን ኃይለኛ ድምፅ ይረብሸዋል።"

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሂዱ። እዚህ አገር ጎረቤት ደብተሩን አውጥቶ ካሳየሽና "ባቡር ላሳያችሁ" ካለሽ ቤተኛ አድርጎሻል ማለት ነው። ግብዣውን አታሳልፊው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ የምሠራው የባቡር ሞተር ጥገና ላይ ስለሆነ "ሣጥን" ያልሻቸውን ነገሮች ከውስጥ አውቃቸዋለሁ። በግልጽ ልንገርሽ፤ ብዙዎቹ ጥሩ ማሽን አልነበሩም። ዘይት ያፈሳሉ፣ ይጨሳሉ፣ መሀል መንገድ ላይ ይቆማሉ። ጎረቤትሽም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የሚናፍቃቸው ጥራቱ አይደለም፤ ልዩነቱ ነው። ድሮ አንድ ትልቅ ጣቢያ ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ልጅ በመልክም በድምፅም የማይመሳሰሉ ብዙ ዓይነት ሎኮሞቲቮች (ባቡሩን የሚጎትቱ ሞተሮች) ያይ ነበር። ያ ሁሉ ዓይነት ግን ታቅዶበት አልመጣም። ከጥድፊያና ከገንዘብ ብክነት ነው የተወለደው። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የእንግሊዝ ባቡር ተጎሳቁሎ ነበር። በ1948 መንግሥት አራቱን ትልልቅ ኩባንያዎች ወርሶ ብሪቲሽ ሬይልዌይስ የሚባል አንድ ድርጅት አደረጋቸው። በዚያ ጊዜ አሜሪካ በፍጥነት ወደ ናፍጣ እየዞረች ነበር። እንግሊዝ ግን የከሰል አገር ናት። ከሰሉ ከእግሯ ሥር ነው፤ ናፍጣውን ከውጭ መግዛት አለባት። ስለዚህ በእንፋሎት ገፋችበት። የመጨረሻው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ስዊንደን ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው በ1960 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1968 ላይ፣ በዋናው መስመር ላይ የሚሠራ እንፋሎት ጨርሶ ጠፋ። የስምንት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ማሽኖች ሳይቀሩ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ።

በመሀል የሆነው ነገር የ1955ቱ የዘመናዊነት ዕቅድ ነው። 1.24 ቢሊዮን ፓውንድ ተመደበለት። ያኔ በሥራ ላይ የነበሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ወደ 18,000 ገደማ ነበሩ። የመነሻው ሐሳብ ብልህ ነበር። 174 የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ከተለያዩ ፋብሪካዎች ይገዙ፣ ለጥቂት ዓመታት ይፈተኑ፣ ከዚያ ጥሩ ጥሩዎቹ ተመርጠው በብዛት ይሠሩ ተባለ። ግን ትዕግሥት ጠፋ። ድርጅቱ ኪሳራ ውስጥ ገብቷል። መኪና መንገደኛውንም ጭነቱንም እየወሰደበት ነው። ከሰል መዛቅና አመድ መጥረግ የሚፈልግ ሠራተኛም እየጠፋ ነው። ስለዚህ ፈተናው ሳያልቅ የመቶዎች ትዕዛዝ ወጣ። ወጡን ሳይቀምሱ ለድግስ እንደማቅረብ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ሜትሮፖሊታን ቪከርስ የሠራቸውን 20 ሎኮሞቲቮች ውሰጂ። አንደኛው ጫፍ ሦስት አክስል፣ ሌላኛው ጫፍ ሁለት አክስል አለው። እንዲህ ያለ ነገር በእንግሊዝ ዋና መስመር ላይ ከዚያ በፊትም በኋላም አልታየም። የክሮስሊ ሞተራቸው በየጊዜው ይበላሻል። የነጂው ክፍል መስኮት ሳይቀር በጉዞ ላይ ይላቀቅ ነበር። ከሃያዎቹ የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ዲ5705 ይባላል። ቤቱ ደግሞ እናንተ የምትሄዱበት ቤሪ ነው። ጎረቤትሽን ስለሱ ጠይቂያቸው፤ ይስቃሉ።

ክሌይተን የሚባሉት 117 ናቸው። ከ1962 እስከ 1965 ተሠሩ። በ1971 መጨረሻ በሥራ ላይ አንድም አልቀረም። አሥር ዓመት የሞላው የለም ማለት ነው። በስዊንደን የተሠሩ ሌሎች 56 ትንንሽ ሎኮሞቲቮችም ነበሩ። የተሠሩበት ሥራ ራሱ ስለጠፋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለከሰል ማዕድንና ለፋብሪካ ተሸጡ። ግላስጎው የነበረው ኖርዝ ብሪቲሽ የእንፋሎት ዘመን ታላቅ ፋብሪካ ነበር። የናፍጣ ሥራው አልሆነለትም፤ በ1962 ፈረሰ። እኔ በሙያዬ እነዚህን ሳስብ ያናድደኛል። የሕዝብ ገንዘብ ነው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚያይ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ሠርግና ምላሽ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ዓይነት ይመጣል። ደግሞ ቶሎ ስለሚጠፋ ዛሬ ያላየው ለዘላለም ሊያመልጠው ይችላል።

ምዕራቡ ክልል፣ ከለንደን ፓዲንግተን ወደ ብሪስቶልና ወደ ኮርንዎል የሚሄደው፣ ጭራሽ የራሱን መንገድ ያዘ። ሌሎቹ ናፍጣ ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ጎማዎቹ አጠገብ ላሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይል ይሰጣል በሚለው አሠራር ሲሄዱ፣ የምዕራቡ ሰዎች የጀርመንን ፈለግ ተከተሉ። ኃይሉ በዘይት ግፊት ወደ ጎማ ይተላለፍ አሉ። መኪና ከምታውቂ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ወንድም ነው። ቀላል ነው፤ ክብደት ይቀንሳል። ከዚያ ዌስተርን የሚባሉት 74 ሎኮሞቲቮች መጡ። ሁለት የማይባህ ሞተር፣ 2,700 የፈረስ ጉልበት። ሁሉም ስማቸው "ዌስተርን" ብሎ ይጀምራል፤ ዌስተርን ኢንተርፕራይዝ፣ ዌስተርን ቻምፒየን እያለ ይቀጥላል። በእኔ ዓይን በእንግሊዝ ሐዲድ ላይ ከሮጡት ናፍጣዎች ሁሉ መልከ መልካሞቹ እነሱ ናቸው። ግን መለዋወጫቸው ከሌላው አገር ጋር አይገናኝም። ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ወጥ አሠራር ሲፈልግ እነሱም እንዲቆረጡ ተፈረደባቸው። የካቲት 1977 ላይ ተሰናበቱ። ሰባት ተርፈዋል።

አሁን ወደ ደብተሮቹ። ነገሩን ያስፋፋው ኢያን አለን የሚባል ወጣት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዋተርሉ በሚገኘው የሳውዘርን ሬይልዌይ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ሰዎች ስለ ሎኮሞቲቮች እየጠየቁ ደብዳቤ ይጽፋሉ። መልስ መስጠት ሲሰለቸው "ሁሉንም በአንድ ትንሽ መጽሐፍ እናውጣው" አለ። አለቆቹ አልፈለጉም። በ1942 ራሱ አሳተመው። 2,000 ቅጂ፣ ዋጋው አንድ ሽልንግ፤ ወዲያው አለቀ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የቁጥር ዝርዝር ነው። ልጁ ጣቢያ ሄዶ ሎኮሞቲቩን ሲያይ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ማታ ቤቱ ገብቶ መጽሐፉ ላይ ያሰምርበታል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ቀላል ይመስላል። ግን አስቢው። 47 የሚባለው ዓይነት ብቻ 512 ነው። አንዳንዱ ስኮትላንድ ነው መደቡ፤ አንዳንዱ ዌልስ። አምስት መቶውን ያየ ልጅ የቀሩትን አሥራ ሁለት ፍለጋ ስንት ዓመት ይንከራተታል። ሎኮሞቲቭ ለትልቅ ጥገና ወደ ክሩ፣ ወደ ደርቢ ወይም ወደ ዶንካስተር ይላካል። ስለዚህ ልጆቹ እነዚህን ከተሞች ተሳላሚ እንደሚሄድበት ደብር ያውቋቸው ነበር። ሳይሳፈሩ ጣቢያ ለመግባት የሚያስችል ርካሽ ትኬት ነበረ። እናት ሳንድዊች ትጠቀልላለች፤ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ የመሳፈሪያው ጫፍ ላይ ይውላል። ደፋሮቹ እሁድ እሁድ የሎኮሞቲቭ ማደሪያ ሾልከው ይገባሉ፤ ፎርማኑ እየጮኸ ያባርራቸዋል። በ1944 ታምወርዝ ላይ ቁጥር ለቃሚ ልጆች ሐዲድ ውስጥ በመግባት ከፖሊስ ጋር ተጣሉ። ኢያን አለን ከዚያ በኋላ ክለብ መሠረተ። አባል የሚሆን ልጅ በባቡር ሥራ ጣልቃ እንደማይገባ ቃል ይገባ ነበር።

የጎረቤትሽን ዕድሜ ልብ በይ። ሰባ ካለፋቸው እንፋሎት ሲጠፋ የአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ከሳቸው የሚበልጡት ለቃሚዎች ናፍጣውን ጠልተውታል። "የወደድነውን የገደለ" ነበር የሚሉት። ብዙዎቹ ያኔውኑ ደብተራቸውን ዘግተዋል። ለሳቸው ትውልድ ግን ብቻቸውን ባቡር መሳፈር የጀመሩበት ጊዜ፣ ከጓደኛ ጋር ያደሩበት ጣቢያ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ ሁሉም በናፍጣ ሽታ የታጠነ ነው። እንፋሎት የአባቶቻቸው ነው። ናፍጣው የራሳቸው ነው።

ደብተሮቹን እንደገና ካሳዩሽ አንድ ነገር ተመልከቺ። የድሮዎቹ ገጾች ላይ ቁጥሮቹ "ዲ" ብለው ይጀምራሉ፤ ዲ200፣ ዲ9000 እያሉ። ከ1973 በኋላ ባሉት ላይ አምስት አሃዝ ይሆናሉ። ያ ኮምፒውተር የገባበት ጊዜ ነው። ብሪቲሽ ሬይል ቶፕስ የሚባል ሥርዓት ከአሜሪካው ሳውዘርን ፓሲፊክ ገዛ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን፣ የቀሩት ሦስቱ ተራውን ይነግራሉ። ኮምፒውተሩ ሦስት ዜሮ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ዲ9000 በመጀመሪያነቱ 55000 መሆን ሲገባው ጭራ ላይ ተወርውሮ 55022 ሆነ። ለቃሚዎቹ ተናደዱ፤ ደብተሩ ሁሉ ተዘበራረቀ። ግን ለቃሚ ልማዱን አይተውም። ዝርዝሩን እንደገና ጽፈው ቀጠሉ።

በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። ማየት አይበቃውም። በዚያ ሎኮሞቲቭ መጎተት አለበት። የት እንደሚሄድ አይጨነቅም፤ ማን እንደሚስበው ነው ጉዳዩ። አገሩን ሁሉ የሚያስዞር የሳምንት ወይም የሁለት ሳምንት ትኬት ይገዛል። ለሆቴል ገንዘብ የለውም፤ ሌሊት ባቡር ላይ ያድራል። በሩ ላይ ያለውን መስኮት ዝቅ አድርጎ አንገቱን ያወጣል። የሞተሩን ጩኸት ይሰማል፤ ጥቀርሻውን ይጠጣል። የተጓዘውን ማይል በሎኮሞቲቭ በሎኮሞቲቭ ይመዘግባል። እብደት ነው? ትንሽ። ኳስ ቡድናቸውን ተከትለው አውሮፓን ከሚዞሩት ግን በምን ይብሳሉ?

ድምፁን ካነሳሁ እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ። በዓሉ ላይ የምትሄዱት ለማየት ብቻ አይደለም፤ ለመስማትም ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቂ። በአብዛኞቹ ሎኮሞቲቮች ናፍጣ ሞተሩ ከጎማው ጋር በቀጥታ አይገናኝም ብዬሻለሁ። ሥራው ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው። ስለዚህ ባቡሩ በእግር ጉዞ ፍጥነት እየተንፏቀቀ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ሊያወጣ ይችላል። መኪና ላይ ይህ አይታይም። ለዚህ ነው ከጣቢያ መነሻው ላይ ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ዘርግቶ የሚሰበሰበው። ለገሃር ወይም ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሞተር ሲነሳ ከሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

40 የሚባለው ዓይነት ያፏጫል። 200 ነበሩ፤ ከ1958 እስከ 1962 የተሠሩ፤ 2,000 የፈረስ ጉልበት። ቅጽል ስማቸው "ዊስለር" ነው፤ ፉጨተኛው። ፉጨቱ የቱርቦው፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል፣ ነው። ቆሞ እንኳ ስስ ፉጨት ያሰማል። ኃይል ሲጨመርበት ከሥሩ ከባድ የድብደባ ድምፅ ይነሳል። 133 ቶን ይመዝናል፤ ለጉልበቱ ከመጠን በላይ ነው። አንዳንዶቹ ከሊቨርፑል የሚነሱ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ስም ነበራቸው። መጨረሻቸውን ያሳለፉት እናንተ አካባቢ፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ እስከ 1985 ነው። የ40 ወዳጆች ማኅበር መቀመጫው እዚያው ቤሪ ላይ ነው። ጎረቤትሽ የማንቸስተር ልጅ ከሆኑ ልባቸው ከዚህ ጋር ሳይሆን አይቀርም።

37 ያጉረመርማል። 309 ተሠሩ። 1,750 የፈረስ ጉልበት፣ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ ድምፁ ከጉልበቱ የሚበልጥ። የዌልስን ከሰል ስቧል፤ የስኮትላንድን ተራራ ወጥቷል። የመጀመሪያው የወጣው በ1960 ነው። ጥቂቶቹ ዛሬም ደመወዛቸውን እያገኙ በዋናው መስመር ላይ ይሠራሉ። ከጥድፊያው ዕቅድ ውስጥ ጥሩ ማሽን ከወጣ ይህ ነው። እኔም እጄ ላይ ሲመጣ ደስ የሚለኝ ሥራ ነው፤ ሁሉ ነገሩ ይደረስበታል፣ ሁሉ ነገሩ ይገባል።

20 ትንሽ ነው፤ 1,000 የፈረስ ጉልበት። የነጂው ክፍል አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተያይዘው ይሄዳሉ። ድምፃቸው የሄሊኮፕተር ነው የሚመስለው። 50 ደግሞ "ሁቨር" ይባላል፤ በቤት መጥረጊያው ማሽን ስም። አየር የሚስበው ማራገቢያ ነበር እንዲህ የሚጮኸው። በኋላ ሲታደሱ ማራገቢያውን አወጡት፤ ስሙ ግን ቀረ። 47? እሱ በየቦታው ስለሚገኝ የሚወደው አልነበረም። 47 ሲመጣ ሻይ ይጠጣ ነበር። አሁን እያነሰ ሲሄድ እሱም ወዳጅ አገኘ።

እና ዴልቲክ። ዴልቲክ ከመጣ ሁሉንም ትተሽ እሱን ስሚ።

የዴልቲክ ሞተር ለባቡር አልተፈጠረም። ኔፒየር የሚባለው ፋብሪካ ለፈጣን የጦር ጀልባዎች የሠራው ነው። አሠራሩ ዛሬም ያስገርመኛል። ሲሊንደሮቹ በሦስት ማዕዘን ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ሦስት ክራንክሻፍት አለ። አሥራ ስምንት ሲሊንደር፣ ሠላሳ ስድስት ፒስተን። ቴስታ (የሲሊንደር ክዳን) የለም፣ ቫልቭ የለም። እንዲህ ያለ ሞተር አንድ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሁለት ይገባል። ድምሩ 3,300 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ክብደቱ ግን 99 ቶን ብቻ። ከላይ ካልኩሽ ከ40 ጋር አወዳድሪው። በ34 ቶን ቀሎ በ1,300 ፈረስ ይበልጠዋል።

ኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ በ1955 ሙከራውን በራሱ ወጪ ሠራ። ከዚያ በ1961 እና በ1962 ሃያ ሁለት ለለንደን–ኤድንብራ መስመር ወጡ። የ55 እንፋሎቶችን ሥራ ተረከቡ ይባላል። በሰዓት 100 ማይል ይሄዳሉ። 393 ማይሉን መንገድ በ1962 ወደ ስድስት ሰዓት አወረዱት። ሞተሩ ሲነሳ፣ በተለይ ቆይቶ ከሆነ፣ የተጠራቀመው ዘይት ይቃጠልና ነጭ ጭስ ጣቢያውን ይሸፍነዋል። ከዚያ ያ ድምፅ ይመጣል። የሌሎቹ ምት ምት ያለው ነው፤ የዚህ አይቆራረጥም። የሚያርገበግብ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ አንድ ረጅም ድምፅ ነው።

የስምንቱ ስም የሩጫ ፈረስ ነው፤ የለንደኑ ፊንስበሪ ፓርክ ማደሪያ የነበሩት። የሰሜኖቹ ደግሞ የጦር ክፍለ ጦር ስም ይዘዋል። ዲ9014 የተሰየመው በዱክ ኦቭ ዌሊንግተን ክፍለ ጦር ነው። እኛ ሐበሾች ይህን ስም በሌላ በኩል እናውቀዋለን። በ1868 መቅደላን ሰብሮ የገባው 33ኛው ክፍለ ጦር እሱ ነው። የዚያ ዘመቻ ጦር በነገራችን ላይ ከዙላ ወደብ ወደ ተራራው ግርጌ አጭር የባቡር ሐዲድም ዘርግቶ ነበር፤ ሲመለስ ነቅሎ ወሰደው። እንግዲህ አፄ ቴዎድሮስን የወጋው ክፍለ ጦር ስም እዚህ አገር ለሃያ ዓመት ያህል መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሯል። ዲ9014 አሁን የለም፤ ተቆራርጧል። ቢኖር ኖሮ ፎቶ አጠገቡ እነሳ ነበር? እንጃ።

ዴልቲኮቹን ያወረዳቸው በ1976 ሥራ የጀመረውና በሰዓት 125 ማይል የሚሄደው ባቡር ነው። ሁለት ጫፉ ላይ ሞተር ያለው፣ ሾጣጣው። እውነቱን ለመናገር በሁሉም ነገር የተሻለ ባቡር ነው። ጥር 2 ቀን 1982 የመጨረሻው የዴልቲክ ስንብት ጉዞ ወደ ለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ሲመለስ ጣቢያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። አዋቂ ወንዶች አለቀሱ። ከሃያ ሁለቱ ስድስት ተርፈዋል።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። ይህ ሁሉ "ደጉ ዘመን" ለሁሉም ደግ አልነበረም። በ1966 አስኩዊዝ ዛቪየር የሚባል ከዶሚኒካ የመጣ ሰው፣ ሜሪልቦን ጣቢያ ላይ የባቡር ጋርድ ሆኖ እየሠራ፣ ዩስተን ጣቢያ ለተመሳሳይ ሥራ ቢያመለክት በቆዳው ቀለም ምክንያት ተከለከለ። ነገሩ አደባባይ ወጣ፤ ክልከላው በዚያው ዓመት ተነሳ፤ ሰውየውም ዩስተን ገባ። ዛሬ እዚያ ጣቢያ ላይ መታሰቢያ ተለጥፎለታል። የመሳፈሪያው ጫፍ ላይ የሚውሉት ልጆችም አብዛኞቹ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ይህን የማነሳው ጎረቤትሽን ለመውቀስ አይደለም። እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ። ልጅሽ ግን እዚያ ሄዶ ዙሪያውን ሲመለከት "እኔን የሚመስል የለም" ካለሽ ምክንያቱ ታሪክ ያለው መሆኑን እወቂ። አሁን የተሻለ ነው። በጎ ፈቃደኞቹም ልጅ ሲያዩ በጣም ነው የሚደሰቱት፤ ወራሽ ያጣ ሙያ ነውና።

የሚቀረው የጉዞው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ትኬት ግዙ፤ አንድ ጊዜ ተሳፍሮ መመለስ ምንም አይሰጥም። የትኛው ሎኮሞቲቭ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ አስቀድሞ ይወጣል፤ በመጨረሻው ሰዓት ስለሚበላሹ ግን መቀያየር ያለ ነው። ከቤሪ ወደ ሄይውድ የሚሄደውን አንድ ጊዜ ያዙ። መስመሩ የከተማውን ትራም ለመሻገር ድንገት ሽቅብ ይላል፤ ሞተሩ እዚያ ላይ እውነቱን ይናገራል። ጎረቤትሽ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለውን ፉርጎ እንደሚመርጡ አልጠራጠርም። አንቺና ልጅሽ መጀመሪያ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ተቀመጡ። ድምፁ ይሰማል፤ ግን አይጫንም። ልጁ ከለመደው ወደ ፊት ትሄዳላችሁ።

የጆሮ መሸፈኛ ያዢለት፤ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ይበቃል። ሞተር ሲያስነሱ ማደሪያው ውስጥ አትቁሙ፤ የተዘጋ ቦታ ላይ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ አስም ካለው ደግሞ ጨርሶ ይቅርበት። የበሩን መስኮት ዝቅ አድርገው አንገታቸውን የሚያወጡ ትልልቅ ሰዎች ታያላችሁ። ልጅሽ እንዳይከተላቸው። ድልድዩና የምልክት ምሰሶው ከሐዲዱ ቅርብ ነው። ነጭ ልብስ አታልብሺው። ሽሮም ሆነ ሳንድዊች ይዘሽ ሂጂ፤ ሻይ ቤቱ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው።